ለካርቶን ቁልፍ ዋስ

ትርሲት የአዲሱን ጫማ አፍንጫ በወረቀት ትጠቀጥቃለች። ጫማው ጥቁር የሴት ጫማ ነው፤ ለእማሆይ ፋንቱ እግር ግን ሁለት ቁጥር ይበልጣል። ትናንት አመሻሽ ላይ የእማሆይ ዘመድ መልካሙ በሾፌር ልኮት፣ «በላስቲክ ጫማ መድረክ ላይ እንዳይወጡ፤ ካሜራ አለ» የሚል መልእክት አክሎበታል። የእግራቸውን ቁጥር የጠየቀ አልነበረም። ወረቀቱም ከመልካሙ መሥሪያ ቤት የመጣ ነው፤ «የታሪክ ሳምንት» የሚል ርእስ የታተመበት፣ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ቀለም ወረቀት። ትርሲት እንዲህ ያለውን ወረቀት አትወደውም። እሳት ሲያያይዙበት ይሸታል እንጂ አይነድም፤ ቆሎ ሲጠቀልሉበት እየተፈታ ያስቸግራል። ለጫማ አፍንጫ ግን ሆነ። የኃላፊዎቹ ፎቶ ያለበትን ገጽ ጨምድዳ በግራው ከተተች፤ የዕለቱን መርሐ ግብር በቀኙ።

«እስቲ ይሞክሩት፣ እማሆይ።»

እማሆይ እግራቸውን አስገቡና ሁለት እርምጃ ተራመዱ። ወረቀቱ ውስጥ ውስጡን ተንኮሻኮሸ።

«ይሄ ጫማ የሰው ነው» አሉ።

«የእርስዎ ነው። አዲስ ነው እኮ።»

«አዲስ መሆኑንማ አየሁ። ግን የሰው ነው።»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። አልጋ፣ ሳጥን፣ የከሰል ምድጃና ትርሲት ማታ ማታ የምትዘረጋው ፍራሽ ከገቡበት በኋላ ለእንግዳ የሚተርፈው የአንድ ዱካ ቦታ ብቻ ነው። ጣሪያው ከውስጥ በማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኗል፤ የደብረ ብርሃን ነፋስ በቆርቆሮው ሥር ገብቶ ጆንያውን ሲነፋው ክፍሉ የሚተነፍስ ይመስላል። ለቀበሌ በወር የሚከፈለው ኪራይ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ አይሞላም፤ መልካሙ በመጣ ቁጥር ይህን ሳያነሳ አይሄድም፣ ኪራዩን ዝቅ ያደረገው እሱ ይመስል። ሳጥኑ ላይ ብርድ ልብሶች እስከ መስኮቱ ድረስ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ከነላስቲካቸው ናቸው። እማሆይ የባላምባራስ ወልደኪዳን ሚስት ነበሩ፤ ባላምባራስ ደግሞ በጠላት ጊዜ በጣርማ በርና በአንኮበር ገደል ለገደል ሲዋጉ የኖሩ አርበኛ ነበሩ። ስለዚህ በየዓመቱ ሚያዝያ ሃያ ሰባት እማሆይን ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠው አንድ ብርድ ልብስ ይሰጧቸዋል። ብርድ ልብስ በሚሠራበት ከተማ ከዚህ የቀለለ ስጦታ የለም።

በሩ ላይ ደግሞ ቀይ ቀለም አለ። ከፋሲካ በፊት ሁለት ጎረምሶች በጣሳ ቀለም ይዘው መጥተው፣ ሰላም እንኳ ሳይሉ፣ ጭረት አድርገውበት ሄዱ። ሰፈሩ ይፈርሳል። በቦታው የሚሠራው የአርበኞች መታሰቢያ አደባባይ ነው። ፏፏቴ ይኖረዋል፣ ሣር ይኖረዋል፣ ማታ ማታ ቀለሙን የሚለዋውጥ መብራት ይኖረዋል፤ የአርበኛው ሚስት ብቻ አትኖርበትም። እማሆይ ይህን በሰሙ ጊዜ አልተቆጡም። ስለ ፏፏቴው ጥቂት አሰቡና፣ «ባላምባራስ ውሃ አይወዱም ነበር» አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሡትም።

ትርሲትም አላነሣችውም። እሷ ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች ገበሬ ናት። መጠለያው ውስጥ በሸራ ሥር ሁለት ክረምት አሳልፋለች፤ ከዚያ እማሆይ አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ አገኟትና «እሳት የሚያያይዝልኝ ሰው የለኝም» ብለው ይዘዋት መጡ። ይህ ክፍል ከፈረሰ መመለሻዋ ሸራው ነው። እሷ ታውቃለች፣ እማሆይም ያውቃሉ። ከቤቷ በሌሊት ልብስ የወጣችበት ቀንም እዚሁ ሳምንት ውስጥ ይውላል፣ በጊዮርጊስ ዋዜማ። ለዚያ ቀን ባነር የለም፤ እሷም ባነር አልጠበቀችም። ዘንድሮ ዕለቱን የዋለችው የሰው ልብስ ስታጥብ ነው።

መልካሙ የእማሆይ የእህታቸው የልጅ ልጅ ነው፤ የከተማውን በዓላት የማሰናዳት ሥራ ይመራል። ዘንድሮ አንድ ሐሳብ መጣለት። ሚያዝያ ሃያ ሦስት የሠራተኞች ቀን ነው፤ ሃያ አምስት የፕሬስ ነጻነት ቀን፤ ሃያ ሰባት የአርበኞች የድል ቀን። በመካከሉ የከተማው የድንጋይ ንጣፍ መንገድ የተመረቀበት ዓመትም ይውላል፣ ይህን ከመልካሙና ከመንገዱ ኮንትራክተር በቀር የሚያስታውሰው ባይኖርም። ሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሆኑ አንድ ድንኳን፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ ባነር ይበቃቸዋል አለ። አንድ እማሆይም ጨመረበት። በሃያ ሦስት እማሆይ «የሠራተኞች እናት» ተብለው ቱታ ከለበሱ ወጣቶች መካከል ተቀመጡ። በሃያ አምስት ጋዜጣ አስይዘው ፎቶ አነሷቸው፤ እማሆይ ዳዊት ደጋሚ ናቸውና ጋዜጣውን ከምር ማንበብ ጀመሩ። ፎቶ አንሺው «ቀና ይበሉ እማሆይ፤ አያንብቡት፣ ይያዙት ብቻ» አላቸው። የፕሬስ ነጻነት ቀን በዚሁ አለፈ።

ሃያ አራት ቀን፣ ተክለ ሃይማኖት፣ ባላምባራስ ያረፉበት ነው። እማሆይ በየዓመቱ ድፎ ዳቦ አስጋግረው ቤተ ክርስቲያን ይወስዳሉ፤ መምሬ ገብረ ጻድቅ ጸሎት ያደርሳሉ፣ አምስት ስድስት ሽማግሌዎች ይቀምሳሉ፣ ያበቃል። ዘንድሮ መልካሙ ስልክ ደውሎ፣ «ከሃያ ሰባቱ ጋር ብናዳብለውስ? ድንኳን አለ፣ ሰው አለ» ብሎ ነበር። እማሆይ ስልኩን ለትርሲት መለሱላትና «ሞታቸውን ማን አዛውር አለህ በዪው» አሏት። ትርሲት አላለችውም። «እሺ ብለዋል» አለችና ዘጋችው፤ ዳቦውን ግን በሃያ አራት ይዘው ሄዱ።

መልካሙ ዛሬ፣ በሃያ ሰባት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ደረቱ ላይ የሁሉም በዓላት ዓርማ ተሰክቷል። ዱካው ላይ አልተቀመጠም፤ ሱፉን ፈርቶ።

«እማሆይ፣ ዛሬ እንዳለፈው ብርድ ልብስ አይደለም። ዛሬ ቤት ነው። የቤት ቁልፍ!»

«የት ያለ ቤት?»

«በሂደት ላይ ያለ።»

«ሂደት ማንኛው ሰፈር ነው?»

ትርሲት ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች።

«እማሆይ ደግሞ!» መልካሙ ሳቀ። «መሬቱ ተለይቷል፣ ዲዛይኑ አልቋል፣ በጀቱ ብቻ ነው የሚጠበቀው። ዋናው ቁልፉን መቀበልዎ ነው። ቁልፉን ተቀበሉ ማለት ምትክ ቤት አገኙ ማለት ነው። ከነገ ወዲያ አፍራሹ ማሽን ሲመጣ ማንም ጥያቄ አያነሳም።»

«ማሽኑ የሚመጣው ከነገ ወዲያ ነው። ቤቱስ?»

«እኔ አለሁ አይደል እንዴ? ዘመድዎ አይደለሁም?»

«ነህ» አሉ እማሆይ።

መልካሙ ቆሞ ጣሪያውን አየ፣ ጆንያው ሲነፋና ሲረግብ አየ፣ ብርድ ልብሶቹን አየ። እዚህ ክፍል ውስጥ በልጅነቱ ፈንጣጣ የመሰለ ሽፍታ ወጥቶበት እናቱ ለእማሆይ ጥላው እንደነበረ፣ እማሆይም በማርና በጸበል እንዳዳኑት ትርሲት ሰምታለች። እሱ ይህን ያስታውስ አያስታውስ ከፊቱ አይነበብም። ያነሣው ሌላ ነገር ነው።

«ከብርድ ልብሶቹ አንዱንም አልከፈቱት እኮ! ለምንድን ነው የሚያስቀምጡት?»

«ለክፉ ቀን።»

«ክፉ ቀንማ አለፈ፣ እማሆይ።»

«እንግዲያ ከነገ ወዲያ ምንድን ነው?»

መልካሙ ሰዓቱን አየና «መኪናው ይጠብቃል» አለ።

ሜዳው ላይ ነፋስ ነበር። ድንኳኑ ለእንግዶች ብቻ ስለሚበቃ ሌላው ሕዝብ ከገመዱ ወዲያ ቆሞ በየተራ አፍንጫውን ይጠርጋል። በድንኳኑ ግንባር የተሰቀለው ባነር «እንኳን ለሠራተኞች፣ ለፕሬስ ነጻነት፣ ለአርበኞችና ለድንጋይ ንጣፍ መንገዳችን በዓል አደረሳችሁ» ይላል። ከድንኳኑ ፊት አራት ወጣቶች ጎፈር ደፍተው ጋሻ ይዘው ይንጎራደዳሉ። ጎፈሩ ቃጫ ነው፤ በሻይ ተነክሮ የአንበሳ ጸጉር እንዲመስል ተደርጓል፤ ነፋሱ ሲነካው ይበናል። አንዱ ወጣት ጋሻውን ብብቱ ሥር አድርጎ ስልኩን ይጎረጉራል። ፊት ወንበሮቹ ላይ አርበኛ የለም፤ አርበኞቹ ካለቁ ቆይተዋል። የተቀመጡት የአርበኞች ልጆች ናቸው፤ እነሱም አርጅተዋል። በየጭናቸው ከነላስቲኩ አንዳንድ ብርድ ልብስ ታቅፈዋል።

ንግግሩ ረጅም ነበር። አንዱ ወፍራም ኃላፊ ሠራተኞች ከሌሉ አርበኞች እንደማይኖሩ፣ ሌላው ቀጭን ኃላፊ አርበኞች ከሌሉ ጋዜጣ እንደማይኖር አስረዳ። ሦስተኛው ሁሉንም ከድንጋይ ንጣፉ ጋር አገናኘው። መልካሙ ደግሞ በየመካከሉ ማይክሮፎኑን እየተቀበለ ጭብጨባ ይጠይቃል። ጭብጨባ ይወዳል። ሲጨበጨብለት ዓይኑን ትንሽ ጨፈን ያደርጋል፣ ፀሐይ እንደሚሞቅ ድመት።

ከዚያ ቁልፉ መጣ። የአንድ ክንድ ርዝመት አለው፤ ካርቶን ላይ የወርቅ ቀለም ወረቀት ተለጥፎበታል። ሁለት ልጃገረዶች በሁለት በኩል ይዘውት ወጡ።

ከትርሲት ጎን የቆመ፣ የፋብሪካ ቱታ የለበሰ ሰው «ያቺ ቁልፍ የኔ ናት» አለ። ካሴ ይባላል፤ ለሰፈሩ ሁሉ የታወቀ አሽሙረኛ ነው።

«እንዴት የእርስዎ?»

«አምና በሠራተኞች ቀን ለኔ ነው የሰጡኝ። ምስጉን ሠራተኛ ተብዬ። ጫፏ ላይ የተቆለመመ ነገር አይታይሽም? እኔ ነኝ ያጠፍኳት፣ ባጃጅ ውስጥ አልገባ ስትለኝ። በማግሥቱ መጥተው ‹ለኤግዚቢሽን ትፈለጋለች› ብለው ወሰዷት።»

«ቤቱስ?»

«ተከራይ ነኝ። አከራዬ ፎቶዬን አይቶ ኪራይ ጨመረብኝ፤ ‹ባለቤት ሆነሃል አይደል፣ አታጣም› ብሎ።»

ትርሲት መሳቅ ፈለገች፤ ሳቁ ግን አልመጣላትም። መድረኩ ላይ መልካሙ ድምፁን ከፍ አደረገ፦

«ክብርት እናታችን፣ የጀግናው የግራዝማች ወልደተንሣኤ ባለቤት፣ እማሆይ ፋንቱ!»

ባላምባራስ ወልደኪዳን በአንድ ትንፋሽ ማዕረግም ስምም ተለወጠላቸው። እማሆይ ለማረም አልደከሙም። መቋሚያቸውን ይዘው ደረጃውን ወጡ። ጫማው ሰፍቷቸው ስለነበር እግራቸውን እየጎተቱ ነው የወጡት፤ ከሩቅ ለሚያይ ግርማ ይመስል ነበር። ወፍራሙ ኃላፊ ቁልፉን አነሣና ወደ ካሜራው ዞሮ ዘረጋላቸው። እማሆይ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አላወጡም።

«የሚሰጠኝ ማነው?» አሉ።

መልካሙ ማይክሮፎኑን ወደ አፋቸው አስጠጋ፤ ምርቃት የሚመጣ መስሎት ነው።

«ከተማው ነው እማሆይ! ሕዝቡ ነው!»

«ከተማው እንግዲያ ዋስ ይጥራ።»

ድምፃቸው በድምፅ ማጉያው ገብቶ ሜዳውን ዞረ። መልካሙ ሳቀ። «እማሆይ ጨዋታ ያውቃሉ!» አለ። ከኋላ የቆሙት ወጣቶች ሳቁ። ፊት ወንበር ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ግን አልሳቁም። አንዳንዶቹ ብርድ ልብሳቸውን ከጭናቸው አንሥተው መሬት አስቀመጡ። እማሆይ ባደጉበት በአንኮበር አገር በሬም ይሁን በቅሎ፣ መሬትም ይሁን ጥሎሽ፣ ዋስ ሳይጠራበት ከእጅ ወደ እጅ አይሄድም ነበር። ሰጪው ቃሉን ቢያጥፍ ዋሱ ይከፍላል፤ ዋስነቱም የሚታሰረው በመሐላ ሳይሆን እጅ በመምታት ነው። ሽማግሌዎቹ ይህን በአባቶቻቸው ደጅ አይተው ያደጉ ናቸው።

«ቀልድ አይደለም ልጄ» አሉ መምሬ ገብረ ጻድቅ ከካህናቱ ወንበር ሆነው። «ደግሞስ ለሚሰጥ ሰው ዋስ ቢጠሩበት ምን ይጎድልበታል? ጥራላቸው።»

መልካሙ ወደ ወፍራሙ ኃላፊ አየ። ወፍራሙ ወደ ቀጭኑ አየ። ቀጭኑ ስልኩን አየ። የሴቶቹ ተወካይ የሻሿን ጫፍ ታስተካክል ጀመር። ትርሲት ከገመዱ ወዲያ ሆና ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። ከጠዋት ጀምሮ ስለዚያ ቤት ሲያጨበጭቡ የነበሩ ሰዎች፣ ቃላቸውን እንኳ የሚያበድር ከመካከላቸው አልተገኘም። ማይክሮፎኑ የሚይዘው ድምፅ ስላጣ ነፋሱን ያሰማ ነበር። ካሜራው በቀጥታ እያስተላለፈ ነው።

መልካሙ ዝምታ አይችልም። ሥራው ዝምታን መሙላት ነው።

«እኔ ዋስ ነኝ!» አለ።

ተጨበጨበ። ዓይኑ ጨፈን አለ።

«በምን?» አሉ እማሆይ።

«በምን ማለት?»

«ዋስ የሚያስይዘው ነገር አለዋ። ሰጪው ቢከዳኝ በምን ትክሰኛለህ?»

ጭብጨባው ገና አልበረደም ነበር፤ ሌላ ጭብጨባ ደግሞ ከፊቱ ተዘርግቶ ታየው። መልካሙ ደረቱን መታ።

«በቤቴ! የኔ ቤት የእማሆይ ቤት ነው!»

ሜዳው በእልልታ ተናጠ። እማሆይ ያን ጊዜ ቀኝ እጃቸውን ከነጠላቸው ሥር አወጡና መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ዘጠና ዓመት ያለፈው፣ እንደ ወይራ ሥር የተቋጠረ እጅ ነው። መልካሙ ጎል ያገባ ጓደኛውን መዳፍ እንደሚመታ ሰው ጧ አደረገው፤ ለፎቶው እንዲመች ደገመውም።

«እማኝ?» አሉ እማሆይ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው።

«እማኝ ነን» አሉ ሽማግሌዎቹ፤ ተነሥተው ነው ያሉት።

እማሆይ ከዚህ በኋላ ቁልፉን ተቀበሉ፤ ብብታቸው ሥር አደረጉት። ሲወርዱ ግን ወፍራሙ ኃላፊ ዘንድ ቆም አሉ።

«ጌታው፣ ዛሬ ማታ በሩን የሚያሳየኝ ማነው?»

«እሱ እንግዲህ በሂደት ላይ ነው፣ እናቴ።»

«ሰማችሁ?» አሉ እማሆይ ሽማግሌዎቹን።

«ሰማን።»

ከድንኳኑ ሲወጡ ትርሲት ክንዳቸውን ያዘች።

«ጋሪ ጥሪ» አሏት። «ብርድ ልብሶቹን እንጫን። አልጋውንም።»

«ወዴት ነው የምንሄደው?»

«ወደ ዋሴ።»

አልጋው ተፈትቶ፣ ሳጥኑ፣ ምድጃው፣ ፍራሹና ብርድ ልብሶቹ በጋሪው ሲጫኑ ክፍሉ ባዶውን ቀረ። ትርሲት ከመውጣቷ በፊት ጣሪያውን ቀና ብላ አየችው፤ ጆንያው አንድ ጊዜ ነፋ ብሎ ረገበ። መምሬ ገብረ ጻድቅ ከፊት ሆኑ፤ ሽማግሌዎቹ ከጋሪው ኋላ በእግራቸው ተከተሉ። ሰው በየበሩ ቆሞ ያያቸዋል፤ ከፊት ካህን፣ በመካከል ጋሪ፣ ጋሪው ላይ ቁልፍ የታቀፉ መነኩሲት። ካሴ ቱታውን እንደለበሰ ተቀላቀለ፤ «የቁልፏን መጨረሻ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም» ብሎ። ለጋሪው የከፈለው እሱ ነው።

የመልካሙ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ በአዲሱ ሰፈር ነው፤ ግቢው አረንጓዴ ብረት በር አለው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ማርያማዊት ናት። ዓይኗ ከጋሪው ወደ ሽማግሌዎቹ፣ ከሽማግሌዎቹ ወደ ቁልፉ ሄደ። አልደነገጠችም። ስልኳ እጇ ላይ ነበር፤ ቀጥታ ስርጭቱን አይታዋለች።

«ቤቴ መያዣ መሆኑን ከስልክ ሰማሁ» አለች። «ለሁሉም ቀን አወጣለት፤ ለሠራተኛ፣ ለጋዜጠኛ፣ ለድንጋይ። የኔ ቀን መቼ ነው እያልኩ ነበር። ለካ ዛሬ ኖሯል።»

«ልመለስ፣ ልጄ?» አሉ እማሆይ።

ማርያማዊት ልትስቅም ልትቆጣም ትችል ነበር፤ ትርሲት የበሩን ብረት ይዛ ጠበቀች። በመጨረሻ ማርያማዊት ከበሩ ዘወር አለች።

«ወዴት ይመለሳሉ? ይግቡ። እኔ እጅ አልመታሁም፤ የመታው ሲመጣ ከሱ ጋር ትነጋገራላችሁ።» ከዚያ ወደ ትርሲት አየች። «ይቺስ?»

«እሷ ከኔ ጋር ናት።»

«እማሆይ፣ ቤቱ እኮ ጠባብ ነው።»

«ያን ሁሉ ብርድ ልብስ አየሽው?» አሉ እማሆይ። «አንዱም አሙቆኝ አያውቅም። ያሞቀችኝ እሷ ናት።»

ማርያማዊት በሩን ለጋሪው ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ገብተው በሶፋው ጫፍ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አንዱ ሴራሚኩን በጫማው ጫፍ ነካ እያደረገ «ይሄ ክረምት ያንሸራትታል» አለ፤ ሌላው «ውድ ነው አሉ ዘንድሮ» አለ፤ መምሬ «ሁሉም ውድ ነው» አሉ። ማርያማዊት ጠላ ቀዳችላቸው።

መልካሙ የገባው ሜዳው ላይ የነበረው ሁሉ በየቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ከበሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ፊቱ ላይ የቀረው ፈገግታ ማይክሮፎን እንደተነጠቀ አፍ ነበር።

«ሽማግሌዎቹ... እንኳን ደህና መጣችሁ። እማሆይ፣ ምነው በሰላም?»

«በሰላም ነው። ሰጪው ቤት የለኝም አለ። ዋሴ ዘንድ መጣሁ።»

«እማሆይ! ያ እኮ... ያ የመድረክ ንግግር ነው። ሰው ሁሉ ያውቀዋል።»

«መድኃኔ ዓለም ግን መድረክ ምን እንደሆነ አያውቅም» አሉ መምሬ ገብረ ጻድቅ። «ሃያ ሰባት የሱ ቀን ነው፤ ቁልፉን ለመስጠት የመረጥከው ደግሞ አንተ ነህ።»

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አለ አንደኛው ሽማግሌ ጠላውን እየጎነጨ።

መልካሙ ወደ ሚስቱ አየ። ማርያማዊት ብርጭቆ ታጥብ ነበር። ወደ ትርሲት ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትርሲት፣ አንቺ ልጅ አስተዋይ ነሽ። ዛሬን ይደሩ። ነገ በዘዴ ትመልሻቸዋለሽ፣ እኔ መኪና እልካለሁ።»

ትርሲት ሁልጊዜ ከሱ ጋር ስትነጋገር መሬት መሬት ታያለች። አሁን መሬቱ ሴራሚክ ነው፤ ስታየው የራሷን ፊት አየች።

«ወዴት ልመልሳቸው፣ ጋሼ?» አለች። «ከነገ ወዲያ ማሽኑ ይመጣል ብለውናል።»

ካሴ ከሶፋው ጥግ ሳል መሰል ድምፅ አሰማ። ያን ጊዜ የመልካሙ ስልክ ጮኸ። ወፍራሙ ኃላፊ ነው፤ ድምፁ ሳሎኑን ይሞላል። ቪዲዮው በሺዎች እየታየ ነው፣ እማሆይ ቤቱ መግባታቸውም ተሰምቷል አለ። ከላይ ተደውሎ ምስጋና መጥቷል አለ። «እንዲህ ያለ አርአያነት! ነገ ጠዋት ካሜራ ይዘን እንመጣለን፣ እማሆይን ከነቤተሰብህ እናነሳለን። ‹የዋሱ ቤት› የሚል ርእስ ሰጥተነዋል። ሌሎች ሠራተኞችም አንድ አንድ እናት እንዲወስዱ ልንቀሰቅስ ነው። አንተ ጀማሪው ነህ!» መልካሙ «አመሰግናለሁ ጌታዬ» አለ። ሦስት ጊዜ አለው። ዘንድሮ ይህን ያህል ምስጋና አግኝቶ አያውቅም፤ ዓይኑን ግን አልጨፈነም።

ሽማግሌዎቹ መርቀው ተነሡ። ካሴ ሲወጣ እማሆይን ተሳልሞ፣ «ቁልፏ ሠራች እኮ» አለ።

ለእማሆይ የተሰጠው ከጓዳው አጠገብ ያለው ክፍል ነው። መልካሙ ያለፉትን ዓመታት በዓላት ያከማቸበት ነበር፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ የተጠቀለለ ባነር፣ የረገበ ፊኛ፣ ሁለት የቃጫ ጎፈር፣ አንድ እጁ የተሰበረ የአርበኛ ሐውልት ናሙና። ማርያማዊትና ትርሲት ሳይነጋገሩ ሁሉንም ወደ ኮሪደሩ አወጡት። አንዱን ባነር ግን ትርሲት አስቀረችው። ላስቲክነቱ ጥሩ ነው፤ ሴራሚኩ ላይ ዘረጋችውና ፍራሿን በላዩ አደረገች። ባነሩ ላይ «መረጃ የሕዝብ ነው» ይላል። ፍራሹ «መረጃ» የሚለውን ሸፈነው።

እማሆይ አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። ጫማውን አወለቁና ውስጡን የተጨማደደውን ወረቀት በጣታቸው ጎልጉለው አወጡ። እግራቸው አብጧል።

«አንዱን ክፈቺው» አሉ ወደ ብርድ ልብሶቹ እያመለከቱ።

«ክፉው ቀን መጣ እንዴ?»

«አይ። በረደኝ።»

ትርሲት ላስቲኩን ቀደደች። የአዲስ ሱፍ ሽታ ክፍሉን ሞላው። እማሆይን አልብሳ፣ ጎን ለጎን ጠቀጠቀችላቸው፤ እሳቸውም ወደ ግድግዳው ዞሩ። አልጋው ተንቃነቀ። የድሮው ቤት ወለል አፈር ስለነበር የአልጋውን አንድ አጭር እግር ደብቆት ኖሯል፤ ሴራሚክ ግን አይደብቅም። እማሆይ በተገላበጡ ቁጥር እግሩ ቋ ቋ ይላል።

ትርሲት ዙሪያዋን አየች። ቁልፉ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። አነሣችው፤ በጉልበቷ ላይ አድርጋ አንድ ጊዜ አጠፈችው፣ ከዚያ ሁለተኛ። ካርቶኑ ጠንካራ ነው፤ ሦስተኛው እጥፋት አስቸገራት፣ በተረከዟ ረገጠችው። የወርቁ ወረቀት ተላጦ መሬት ቀረ። አልጋውን በትከሻዋ ቀና አድርጋ ከአጭሩ እግር ሥር ሸጎጠችውና ለቀቀችው። በእጇ ነቅነቅ አደረገችው።

አልጋው አልተነቃነቀም።